ያውቁ ኖሯል? የቢላዋ ጫፍና የፊደል ቀለበት

ከአዋሽ ተነስቶ ቦርደዴን አቋርጦ ወደ ጭሮ በሚወጣው መንገድ የሚመላለሱትን ባጃጆች፣ ሚኒባሶችና ኢሱዙዎች ልብ ብለው ይመልከቱ። የብዙዎቹ መስታወት ወይም ግንባር ጽሑፍ አለበት። ፊደሉን ከፕላስቲክ ስቲከር ላይ የሚቆርጠው ማሽን የቢላዋው ጫፍ በሚሽከረከርበት ዘንግ መካከል ላይ እንዳልሆነ፣ ሆን ተብሎ ፈቀቅ ተደርጎ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? በተለመደው ባለ 45 ዲግሪ የሮላንድ ፋብሪካ ቢላዋ ልዩነቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ኦፍሴት የሚባለው ቁጥር ይኸው ነው። የሌላ ፋብሪካ ቢላዋ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ይበጃል።

ለምን ፈቀቅ አለ? ቢላዋው የሚያዞረው ሞተር የለውም፤ እየተጎተተ ራሱ ይዞራል። በሬ ማሳው ዳር ደርሶ ሲታጠፍ ማረሻው ገና ከኋላው ነው፤ ቢላዋውም ከመያዣው ኋላ ይከተላል። ስለዚህ ማሽኑ ማዕዘን ላይ ሲደርስ መያዣውን በኦፍሴቱ ልክ አሳልፎ ወስዶ ጫፉ ባለበት እንዲዞር ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው አቅጣጫ የሚቀይረው።

ቁጥሩ ሲሳሳት ማዕዘኑ ራሱ ይናገራል። ሹል መሆን የነበረበት ከደነዘ ኦፍሴቱ አንሷል፤ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ቀንድ ከበቀለ በዝቷል። በአንዳንድ ማሽን ቁጥሩ የሚገባው በማሽኑ ሰሌዳ ነው፣ በሌላው በኮምፒውተሩ ፕሮግራም። በሁለቱም ከገባ ማካካሻው እጥፍ ይሆንና ቀንዱ ይበቅላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ደህና ቢላዋ ይጥላል፤ ያሳዝናል።

በምዕራብ ሐረርጌ ማስታወቂያ የሚሠራ ሰው ከሌላው ይልቅ ይህን ማወቅ አለበት። በ1984 ዓ.ም. የላቲን ፊደሉ ቁቤ ለአፋን ኦሮሞ በይፋ ከተመረጠ ወዲህ አንድ ሰሌዳ ላይ የላቲንና የግዕዝ ፊደል ጎን ለጎን መቆም የተለመደ ሆኗል። የቁቤው ኤ፣ ኤም እና ኤን ሹል ማዕዘን ኦፍሴትን ይፈትናሉ። የግዕዙ ፈተና ሌላ ነው። «ቦርደዴ» ብለው ይጻፉ፤ የመጨረሻዋ ዴ እግር ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ቢላዋው ያለ ዕረፍት እንዲሽከረከር ታስገድደዋለች። መነሻና መድረሻዋ ካልገጠሙ ትርፉ ሲነቀል ቀለበቷ አብራ ትነሳለች። መ፣ ወ እና ፀ ውስጥ ያሉት ዝግ ቦታዎችም እንዲሁ ናቸው። ለትንንሽ ፊደል ፍጥነት መቀነስ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ስለ ጥልቀትስ? ለማስታወቂያ በሰፊው የሚሠራበት ኦራካል 651 የተባለው ስቲከር ፊልሙ 0.063 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቢላዋው እንዲወጣ በሚዞረው የሮላንድ የቢላዋ መያዣ ላይ ደግሞ አንዷ ምልክት 0.1 ሚሊሜትር፣ ሙሉ ዙር 0.5 ሚሊሜትር ናት። እንግዲህ አንዲት ምልክት ብቻ ማዞር ከፊልሙ ውፍረት ይበልጣል! «ትንሽ ላውጣው» ብሎ ግማሽ ዙር ማዞር ከፊልሙ ባሻገር የጀርባውን ወረቀትም መቁረጥ ነው።

የባንክ ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊሜትር መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ባለሙያዎች ቢላዋውን ከካርዱ ጠርዝ ጋር አስተያይተው ከግማሽ ውፍረቱ በታች ብቻ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ቢላዋውን አይነኩትም፤ የቀረውን በግፊት ያስተካክላሉ። ግፊት የሚለካው በግራም ነው፤ ሮላንድ ጂኤስ 24 ለምሳሌ እስከ 350 ግራም ይጫናል። ጥልቀትና ግፊት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥልቀቱ ጣሪያውን ይወስናል፣ ግፊቱ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሚያደርሰው ኃይል ነው። አልቆርጥ ሲል ሁለቱንም አንድ ላይ መጨመር ቢላዋውንም ከሥሩ ያለውን ንጣፍም ያበላሻል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ትንሽ ክብና አራት ማዕዘን ያስቆርጡና ፊልሙን ያንሱ። የጀርባው ወረቀት ላይ ስስ ጭረት ከታየ ልክ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲይዙት መስመሩ ብርሃን ካሳለፈ ግን ጠልቋል።

የሚያንጸባርቅ ስቲከር ከተራው ወፍራም ነው፤ ብርሃን የሚመልሱት የመስታወት ፍሬዎችም ቢላዋን ቶሎ ያደነዝዛሉ። ለእሱ ባለ 60 ዲግሪ ቢላዋ ለብቻው ማስቀመጥ ዋጋ አለው።

ቦርደዴ ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ሙጫ ያለሰልሳል። የተቆረጠ ስቲከር ትርፉ ሳይለቀም ከቆየ ሙጫው በተቆረጠበት መስመር መልሶ ይያያዛል፤ ጠርዙም ሲነሳ ይሳባል። እንዲህ ያለ ቦታ ቆርጦ ወዲያው መልቀም ነው።

ማሽኖቹ እስካሁን ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት በብዕር ለሚስል ፕሎተር በተሠራው ኤች ፒ ጂ ኤል በተባለ ቋንቋ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? በዚያ ቋንቋ አንድ ሚሊሜትር 40 እርምጃ ነው፤ ስለዚህ 0.25 ሚሊሜትር ልክ 10 እርምጃ ይሆናል። ብዕር ግን ጫፉ መካከሉ ላይ ስለሆነ ኦፍሴት አያስፈልገውም ነበር።

አቧራና የስቲከር ቅንጣት መያዣው ውስጥ ገብተው ቢላዋው እንዳይዞር ሲይዙት ማዕዘኑ ልክ ኦፍሴቱ የተሳሳተ ይመስል ይበላሻል። ስለዚህ ቁጥር ከመቀየርዎ በፊት ቢላዋውን አውጥተው መያዣውን ይጥረጉ።