የትኛው ቅጠል ነው ቢጫ የሆነው? የእንሰትን ሕመም ከቅጠሉ ስለማወቅ

«የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ እንሰት ቅጠል ምን አገባው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እገምታለሁ። ነገር ግን ከወልቂጤ ወደ ጉብሬና እምድብር፣ ወይም ከቡታጅራ ወደ ደጋው ወጣ ያለ ሰው ሁሉ እንሰት የሌለበት ጓሮ ማግኘት እንደሚቸግረው ያውቃል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ አንዱ «ፀሐይ መታው» ይላል፣ ሌላው «ፍልፈል በላው» ይላል፣ ሦስተኛው ዝም ይላል። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁሉም ሊሳሳቱም ይችላሉ። በዚህ ጽሑፍ አንዱን ከሌላው እንዴት መለየት እንደሚቻል በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ ለምን ያሳስበናል?

እንሰት ሙዝ ይመስላል እንጂ እንደ ሙዝ ለፍሬው አይተከልም። የሚፈለገው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አሚቾው ነው። ቆጮው፣ ቡላውና ቃጫው ሁሉ ከእሱ ይገኛል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእንሰት ላይ ኑሮውን እንደመሠረተ ይነገራል። ዊልያም ሻክ የተባለው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎታል።

እንሰት እንደየአየሩ ጠባይ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። በቆሎ ቢበላሽ የአንድ ክረምት ኪሳራ ነው። የደረሰ እንሰት ሲሞት ግን የብዙ ዓመት ልፋት ይሄዳል፤ ምትኩን ለመብላትም ሌላ ብዙ ዓመት መጠበቅ አለ። ስለዚህ ምርመራው ቀልድ አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄ

አንድ ሰው «ቅጠሉ ቢጫ ሆነ» ሲል ወዲያው መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቅጠል?» ተብሎ ነው። የእንሰት አዲስ ቅጠል እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመሃል ይወጣል፤ አሮጌዎቹ ወደ ውጭና ወደ ታች ይገፋሉ። ስለዚህ መሃሉ ሕፃን፣ ዳሩ ሽማግሌ ነው ማለት ነው።

ከታች ያሉ አንድ ሁለት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቢደርቁ እርጅና ነውና አያስደነግጥም። ብዙ የታች ቅጠሎች አንድ ላይ ቢገረጡ ግን አፈሩ ተርቦ ሊሆን ይችላል። ናይትሮጂንና ፖታስየምን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች በተክሉ ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ፤ እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ልክ እናት ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርሰው ነው። ብረት ግን እንደዚያ አይንቀሳቀስም፤ የእሱ እጥረት የሚታየው በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው። ይህ ለእንሰት ብቻ ሳይሆን በቤታችን በጣሳ ለምንተክላቸው አበቦችም ይሠራል። ለተራበ እንሰት መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ እበትና የጓሮ ፍግ።

ከመሃል የሚጀምረው

ዋናው ጠላት «የእንሰት አጠውልግ» የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በሽታ አምጪውን ለይተው ለዓለም ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በ1974 ደግሞ እዚሁ አገራችን ሙዝንም እንደሚያጠቃ አስታወቁ። ከ2001 ጀምሮ በኡጋንዳና በኮንጎ የሙዝ እርሻዎችን ሲያጠፋ ዓለም ሁሉ ስሙን ሰማ።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከመሃል ካለው ለጋ ቅጠል ይጀምራል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ጫፉ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወደሌሎቹ ይዛመትና ተክሉ በሙሉ ይወድቃል። ለማረጋገጥ የቅጠሉን ዘንግ ወይም ግንዱን ቆርጦ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከቁስሉ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ዝልግልግ ነገር ጠብ ጠብ ብሎ ከወጣ በሽታው ገብቷል። ከጤነኛ እንሰት የሚወጣው ግን ውሃ መሰል ፈሳሽ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ምርመራው ራሱ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። በሽተኛውን የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከነካ አለቀ። ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ግዴታ ነው።

አጠውልግ የሚመስሉ

ሚሊባግ የምትባል ነጭ ዱቄት የተነፋባት የምትመስል ትንሽ ነፍሳት አለች። ሥሩና አሚቾው ላይ ተጣብቃ ትመጠምጠዋለች፤ ጉንዳኖችም ከቦታ ቦታ ያጓጉዟታል። እሷ ስትገባ የዳር ቅጠሎች ይደርቃሉ፣ ዕድገቱ ይቀጭጫል፤ የመሃሉ ቅጠል ግን አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። እንግዲህ ከአጠውልግ ጋር ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ሥሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ጥርጣሬውን ይፈታል።

ፍልፈል አሚቾውን ከሥር ሲበላው ደግሞ ተክሉ ባንድ ጊዜ ይዝላል፤ አፈሩ ውስጥ ዋሻው ይገኛል። በደጋ ውርጭ ሲመታ በአንድ ሌሊት የብዙ እንሰቶች ቅጠል አብሮ ይቃጠላል። አጠውልግ ግን ብዙ ጊዜ በአንዱ ጀምሮ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል እንጂ ጓሮውን በአንድ ሌሊት አይጨርስም።

የእናቴ ሦስት እንሰቶች

ባለፈው ዓመት እናቴ ከገጠር ደውላ «ልጄ፣ እንሰቱን ፀሐይ መታብኝ» አለችኝ። «እማዬ፣ የመሃሉ ነው የዳሩ?» አልኳት። «የመሃሉ» አለች። ቆርጣ እንድታይ ነገርኳት፤ ቢጫው ወጣ። ሦስት ነበሩ፤ አንደኛው ለመስቀል የታሰበ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ «ይነቀሉ፣ ይቀበሩ» ሲል እናቴ አንድ ቀን ሙሉ እሺ አላለችም። «ለመስቀል የታሰበ እንሰት እንዴት ይቀበራል?» አለች። ሳይንሱን ማስረዳት ቀላል ነበር፤ ይህን መመለስ ግን ከበደኝ። በማግስቱ ተቀበሩ። በዚያው ሰሞን ለመፋቅ ሥራ የጎረቤት ቢላዋ ተውሳ ስለነበር ሄዳ ነገረቻቸው። ለእኔ ከሁሉም የከበደው ይሄ ይመስለኛል፤ «በሽታ ጓሮዬ ገብቷል» ብሎ ለጎረቤት መናገር ቀላል አይደለምና።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ያለው መከላከል ነው። የታመመውን ከነአሚቾው ነቅሎ ከጤነኞቹ ራቅ አድርጎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፤ ቢላዋና መፋቂያን ማጽዳት፤ ችግኝ ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ፤ ከጀፎረ የሚመለሱ ከብቶች የታመመ ቅጠል ግጠው ወደ ጤነኛው እንዳይገቡ ማጠር። ጃርትና ፍልፈልንም መከላከል ያስፈልጋል። በሽታውን ይበልጥ የሚቋቋሙ ዝርያዎችም አሉ፤ ከወላይታ የመጣው ማዚያ በተመራማሪዎች ዘንድ በዚህ ይታወቃል። ዋናው የሚባለው ነገር ግን አንድ ጓሮ ብቻውን አይድንም። ጎረቤቱ ካልቀበረ የእኔ መቅበር ትርፉ ትንሽ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርት አለው። ነገ ለማኅበረሰብ ሬዲዮ «በአካባቢው እንሰት ደረቀ» ብለን ዜና ብንሠራ አድማጩ ምን ያደርግበታል? የትኛው ቅጠል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በስንት ጓሮ፣ ቢላዋው የማን እንደሆነ ጠይቀን ብንነግረው ግን ማታ ቤቱ ሲገባ ጓሮውን ዞር ብሎ ያያል።

ቸር ይግጠመን!