የጉልበት ሎሚ ይሸፈን ወይስ እንዳለ ይተው? የዳግም ቀዶ ሕክምና ቁጥር ከሽንፋ ሲታይ

በሙሉ የጉልበት ቅየራ ቀዶ ሕክምና የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍና የቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ ተቆርጠው በብረትና በፖሊኢትሊን ይተካሉ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። እስከ ዛሬ ያልተቋጨው ጥያቄ የሚነሣው በሦስተኛው አጥንት ላይ ነው፤ ይኸውም በተለምዶ የጉልበት ሎሚ፣ በሕክምናው አጠራር ፓቴላ የምንለው ነው። የውስጥ ገጹ ተቆርጦ በፖሊኢትሊን ይሸፈን ወይስ እንዳለ ይተው? በአሜሪካ አብዛኞቹ ሐኪሞች ይሸፍናሉ፤ በኖርዌይና በስዊድን ግን የሚሸፍኑት ጥቂቶች ናቸው። ተመሳሳይ መጽሔቶችን የሚያነቡ ባለሙያዎች ይህን ያህል መራራቃቸው፣ ማስረጃው ምን እንደሚለካ እንድንመረምር ያስገድዳል።

ሎሚው የፊት ጭን ጡንቻን ጉልበት ወደ ቅልጥም የሚያሻግር የማንሻ ድጋፍ ነው። በሜዳ ስንራመድ የሚያርፍበት ጫና ከሰውነት ክብደት ያነሰ ሲሆን፣ ደረጃ ስንወጣ ወደ ሦስት እጥፍ፣ ቁጢጥ ስንል ደግሞ ወደ ሰባት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የወጡ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ሎሚውን አይነኩም ነበር። ከታካሚዎች ብዙዎቹ ከጉልበታቸው ፊት ለፊት ሕመም እንደቀረላቸው በመናገራቸው መሸፈን ተጀመረ። መሸፈኑ በበኩሉ የራሱን መዘዝ አመጣ፤ የሎሚ ስብራት፣ የሽፋኑ መላቀቅና የጅማት መበጠስ ተከተሉ። በተለይ በ1980ዎቹ የተሞከሩት ጀርባቸው ብረት የሆኑ ሽፋኖች ክፉኛ ከሸፉ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በዕጣ ምደባ በተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ተፈትሿል። በ2005 የታተመና 10 ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና፣ አንድ ዳግም ቀዶ ሕክምና ለማስቀረት 22 ሎሚዎችን መሸፈን እንደሚያስፈልግ አስልቷል። ትልቁ ጥናት በብሪታኒያ በ34 ማዕከላት የተካሄደው ካት በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ብቻ 1,715 ታካሚዎች በዕጣ ተመድበውበታል። የዐሥር ዓመት ውጤቱ በ2014 ሲወጣ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል በጉልበት አገልግሎት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሆኖም መሸፈን በወጪ በኩል አዋጭ ሆኖ ተገኘ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ በ2020 ሎሚውን መሸፈንን የሚመክር መመሪያ አውጥቷል።

እንግዲህ ለመሸፈን የሚቀርበው ዋነኛ መከራከሪያ የዳግም ቀዶ ሕክምና መቀነስ ነው። ይህ ቁጥር ግን ጉልበቱን ብቻ አይለካም። ሎሚው ያልተሸፈነለት ታካሚ «አሁንም ያመኛል» ሲል ሐኪሙ ገና ያልሞከረው አንድ ነገር በእጁ አለ፤ ሎሚውን ይሸፍናል፤ ድርጊቱም በመዝገብ ላይ እንደ ዳግም ቀዶ ሕክምና ይቆጠራል። ሎሚው ቀድሞ የተሸፈነለት ታካሚ ተመሳሳይ ሕመም ቢኖረው የሚጨመርለት ነገር ስለሌለ አይቆጠርም። ዘግይቶ ከተሸፈነላቸውም መካከል ሕመማቸው ያልቀነሰ ጥቂት አይደሉም።

አሁን ቁጥሩን ወደ መተማ ቆላ እንውሰደው። በሽንፋ የምትኖር፣ በሰሊጥ ማሳ ላይ በአረምና በአጨዳ ጎንበስ ቀና ስትል የኖረች አንዲት እናት እናስብ። የመገጣጠሚያ ቅየራ በአገራችን በዋናነት የሚሰጠው በአዲስ አበባ ባሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ነው። ከመተማ እስከ ጎንደር ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በክረምት የዋልካው አፈር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጸጥታው ሁኔታ መንገዱን አስቸጋሪ ያደርጉታል። ጉልበቷ ቢያማት ተመልሳ ለመታየት መምጣቷ አጠራጣሪ ነው፤ ካልመጣች ደግሞ በስታቲስቲክሱ ውስጥ የተሳካላት ሆና ትቀመጣለች። በእንግሊዝ የሕመም ጠቋሚ የሆነው አኃዝ እዚህ የመንገድ ጠቋሚ ይሆናል ማለት ነው።

«ሁለተኛ ዕድል ስለሌላት በአንድ ጊዜ ሁሉም ይሠራላት» የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወደዚያ አዘነብል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የጉዳቱ ክብደት ነው። ሎሚው ያልተሸፈነለት ሰው የከፋው ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ ከሕመም ጋር መራመድ ነው። በተሸፈነ ሎሚ ላይ ስብራት ወይም የጅማት መበጠስ ሲደርስ ግን እግርን መዘርጋት እስካለመቻል ይደርሳል፤ የቀረው አጥንት ስስ በመሆኑም ጥገናው በሠለጠኑ ማዕከላት ሳይቀር ከባድ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም፣ ለሽንፋዋ እናት የሁለቱ ውድቀቶች ዋጋ እኩል አይደለም።

ስለዚህ ክትትል አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ፣ ልስልስ አጥንቱ በመጠኑ የተጠበቀን ሎሚ መተው የሚሻል ይመስለኛል፤ የጭኑ ብረት ለተፈጥሯዊ ሎሚ የሚመች ጥልቅ ቦይ ያለው እስከሆነ ድረስ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሲኖር ወይም የሎሚው ልስልስ አጥንት አልቆ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ መሸፈን ይመረጣል። ያኔም ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ያህል አጥንት መቅረት አለበት፤ ሎሚያቸው ስስ በሆነ ሴቶች ላይ ይህ ልኬት ከመቁረጥ በፊት በመለኪያ መረጋገጥ ይኖርበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካት የተጠቀመበት የኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ 12 ጥያቄዎች አሉት፤ ደረጃ ስለመውረድ፣ ከመኪና ስለመውጣትና ስለመግባት፣ ዕቃ ስለመግዛት ይጠይቃል። ተንበርክኮ ስለመነሣትም ያነሣል፤ ይህ ለስግደት ይጠቅመናል። ከዱካ ላይ ስለመነሣትና በመጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ስለማለት ግን አይጠይቅም፤ ሎሚው ከባዱን ጫና የሚሸከመው ደግሞ በእነዚህ ጊዜያት ነው። ማላዊ ከ2005 ጀምሮ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ይዛለች። በእኛም አገር ተመሳሳይ መዝገብ ሲከፈት፣ ሎሚው መሸፈኑና አለመሸፈኑ፣ የቀረው አጥንት ውፍረት፣ እንዲሁም ታካሚዋ ከዓመት በኋላ በስልክ ተጠይቃ ከዱካ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት መቻሏ ከመጀመሪያዎቹ ዓምዶች ውስጥ ሊገቡ ይገባል።