«ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ»

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ፍሬሽማን ጨርሳለች፤ የዲፓርትመንት ምርጫ መሙያው በማግስቱ ይዘጋል። «ጋሼ፣ አንደኛ ላይ ሶፍትዌር ልሙላ ወይስ ኤሌክትሪካል?» አለችኝ። «አንቺን የቱ ደስ ይልሻል?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ነጥቤ ለሁለቱም ይበቃል እኮ!» አለች።

ያልጠየቅኳትን መለሰችልኝ። ግቢ ውስጥ ስለ ዲፓርትመንት የሚወራው ወሬ አብዛኛው እንዲህ ነው፤ ስለ አንዱ ይጠየቃል፣ ስለ ሌላው ይመለሳል። ያን ምሽት ስልኩን ሳንዘጋ ብዙ አወራን። ያነሳችብኝን ሁሉ እኔም በዘመኔ ሰምቼው አምኜበት ነበር።

«ነጥብህ ይባክናል»

ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ይህን ያልተባለ የለም። ነጥቡ ለሕክምና የሚበቃ ልጅ «ሂሳብ ልማር» ቢል ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ሊላክበት ምንም አይቀረው። ነጥብ እንደ ብር ታይቷል፤ ብዙ የያዘ ሰው ውድ ዕቃ ካልገዛበት የከሰረ ይመስለናል።

ለነጥብ መሳሳቱ ምክንያት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀጣዩ ዓመትም ከዚህ አልተሻለም። ከዚያ ወንፊት የተረፈ ወይም በሪሜዲያል (በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም) ዞሮ የገባ ልጅ ነጥቡን ቢሳሳለት አይፈረድበትም።

ግን መቁረጫ ነጥብ የሚባለው ምንድን ነው? አንድ ዲፓርትመንት፣ እንበል፣ ስድሳ ቦታ አለው። የፈለጉት በነጥባቸው ይሰለፋሉ። ስድሳኛው ላይ የቆመው ልጅ ያመጣው ነጥብ የዚያ ዓመት መቁረጫ ይሆናል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ፈላጊው ብዛት ነው፤ ስለ ትምህርቱም ሆነ ከምርቃት በኋላ ስላለው ሥራ አንድ ቃል አይተነፍስም። አምና ሰው የተረባረበበት ዲፓርትመንት ዘንድሮ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ያኔ መቁረጫውም አብሮት ይወርዳል። የልጁ የፍሬሽማን ነጥብስ ከየት መጣ? ከሎጂክ፣ ከጂኦግራፊ፣ ከሳይኮሎጂ፣ ከኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽና ከመሳሰሉት የጋራ ኮርሶች። ጂኦግራፊ ላይ «ኤ» ያመጣች ልጅ ሰርኪት ስትፈታ ማደር ትወዳለች የሚል ነገር ግሬድ ሪፖርቷ ላይ አልተጻፈም።

የምደባውን አሠራር ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገባዋል። መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል፤ መሠረቱ ግን ነጥብና የምርጫ ቅደም ተከተል ነው። ነጥቧ ከፍ ያለ ልጅ አንደኛ ላይ የሞላችውን ታገኛለች፤ «ይበቃኛል» ብላ ብቻ የሞላችውንም ጭምር። መካከለኛ ነጥብ ያለው ልጅ የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አራተኛው ወይም ስድስተኛው ነው። ሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምርጫዎች ሲያሰላስል ከርሞ፣ ከሦስተኛ በታች ያለውን እንደ ሎተሪ ይሞላዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ቅጹ ላይ ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት መሐሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሕክምናና ኢንጂነሪንግ ሥራ አያሳጣም»

ወላጆቻችን ይህን ሲሉን አልዋሹም፤ የዘመናቸውን እውነት ነው የነገሩን። በንጉሡ ጊዜ ተመራቂው ጥቂት ነበር፤ ሥራው ነበር የሚጠብቀው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ተመራቂውን መንግሥት ራሱ ይመድበው ነበር። ትምህርትና ሥራ በአንድ ገመድ የታሰሩ ነበሩ። ገመዱ ከተበጠሰ ቆየ፤ ምክሩ ግን ከቤት አልወጣም።

ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሰባ ሠላሳ የሚባለው ፖሊሲ መጣ። ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ ተደረገ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በዝተው ወደ ሃምሳ ተጠጉ። ግንባታው ሞቅ ባለ ጊዜ ሲቪል ኢንጂነሩን ገና ሳይመረቅ ሳይት ይጠብቀው ነበር። ሲሚንቶ ተወድዶ ፕሮጀክት ሲቆም ግን ያው ኢንጂነር ሔልሜቱን ሰቅሎ ቤቱ ተቀመጠ። ልጁ የተማረው ትምህርት አልተለወጠም፤ ገበያው ነው የተለወጠው። ኢንጂነሪንግ ከፍሬሽማን ጋር አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ሕክምና ኢንተርንሺፑ ሲጨመር ሰባት። ዛሬ ሞቅ ያለውን አይቶ የሚመርጥ ልጅ ዕቃውን ገበያ ይዞ የሚወጣው ከአምስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ሐኪምም ቢሆን ከምርቃት በቀጥታ ወደ ምደባ የሚሄድበት ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ሲቪውን ይዞ የሚዞር ሐኪም ማየት ብርቅ አይደለም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ያነሱት ጥያቄ ደግሞ ሥራ ማግኘትና መኖር የሚያስችል ገንዘብ ማግኘት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን አሳይቷል።

ይህን ስል ኢንጂነሪንግ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እሱ «ተመርቆ ኮብልስቶን ያነጥፋል» በሚለው ቀልድ ያደገ ሌላ ተረት ነው። የውሃ መሥመር፣ መብራት፣ መንገድ፣ ሆስፒታል የሚጠብቅ አገር ኢንጂነርና ሐኪም አይበዛበትም። የሚያንሰው የሚቀጥርበት በጀት ነው።

«ዲፓርትመንትህ ዕድሜ ልክህን ይወስናል»

በአንድ ወቅት አራት ኪሎ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ ነበር። ሥራ ፈላጊው ሳንቲም ከፍሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የማስታወቂያ ገጹን ብቻ አይቶ ይመልሳል። እኔም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። የስታቲስቲክስ ተመራቂ ነበርኩና ዓይኔ «ስታቲስቲክስ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው። ለሳምንታት ያልታየኝ ነገር ከየማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ተጽፎ ኖሯል፦ «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ»።

ይህችን ሐረግ ያልተረዳ ተመራቂ ግማሹን ገበያ በራሱ ላይ ይዘጋል። ዛሬም በየቴሌግራም ቻናሉ የሚለቀቀውን ወይም እሁድና ረቡዕ በሪፖርተር የሚወጣውን ተመልከቱ። የፕሮጀክት ባለሙያ፣ የሽያጭ ሠራተኛ፣ የሰው ሀብት ሠራተኛ፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ የሚፈልገው ማስታወቂያ አራት አምስት ዲፓርትመንት ይደረድርና «ወይም ተዛማጅ» ብሎ ይዘጋል። ጀማሪ ሠልጣኝ የሚቀጥር ባንክም ብዙ ጊዜ የሚደረድራቸው መስኮች ብዙ ናቸው፤ ጥብቅ የሚለው ነጥቡ ላይ ነው። እኔ በመጨረሻ የገባሁበት ሥራ ጥናት የሚያደርግ ድርጅት ውስጥ ነበር፤ አብረውኝ የተቀጠሩት አንዷ የሶሲዮሎጂ፣ ሌላው የግብርና ኢኮኖሚክስ ተመራቂ ነበሩ። ሦስታችንም መጠይቅ ይዘን አንድ ገጠር ነው የወረድነው።

ታዲያ ዲፓርትመንት ምንም ለውጥ አያመጣም? ያመጣል፤ ያውም በአንዳንድ ቦታ ከሚወራው በላይ። ያለ ሕክምና ዲግሪና ያለ ሙያ ፈቃድ ማንም ሐኪም አይሆንም፤ ነርስም፣ ፋርማሲስትም፣ ላቦራቶሪ ባለሙያም እንዲሁ። ጥብቅና በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ የሕግ ትምህርት የሌለው ሰው በዚያ በር አይገባም። እነዚህ በሮች ቁልፋቸው አንድ ነው። ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ፕሮግራሚንግ ግን ቁልፋቸው ብዙ ነው፤ በጎን የሚገባም አለ፣ በመስኮት የሚገባም አለ። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ከሚለው ይልቅ «ያለዚህ ዲግሪ የማይከፈትልኝ የትኛው በር ነው? እሱንስ እፈልገዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ይጠቅማል። ሐኪም መሆን የምትፈልግ ልጅ «ኋላ እደርስበታለሁ» ብላ ሌላ መሙላት አያዋጣትም። ፕሮግራመር መሆን የምትፈልግ ግን ስታቲስቲክስ ቢደርሳት የምታለቅስበት ምክንያት ያን ያህል አይታየኝም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚጠቀሱ ሁለት ሰዎች አሉ። አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ሥዕል ተምሮ ተመለሰ፤ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት የእሱ እጅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ የሄደው ኢንጂነሪንግ ሊማር ነበር፤ የያዘው ግን ሙዚቃን ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ እኔም ሳወራው ደስ ይለኛል። ለማስረጃነት ግን አይበቃም። ኢንጂነሪንግ ጥሎ ሥዕል ጀምሮ ያልተሳካለትን ሰው ማን መጽሔት ላይ ያወጣዋል?

«አንዴ ከተመደብክ አለቀ»

አላለቀም፤ ግን ሰዓት አለው። ሬጅስትራር የዲፓርትመንት ለውጥ ማመልከቻ የሚቀበልበት ጊዜ አለ። ቦታ ካለና ነጥብ ከደረሰ ይፈቀዳል፤ ያልተማሩትን ኮርስ ማካካስ ግን ግድ ነው። እኔ ግቢ በነበርኩበት ጊዜ ማስታወቂያው ለጥቂት ቀናት ተለጥፎ ተነሳ፤ ያን ጊዜ እኔ አገር ቤት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሰሌዳው ላይ የቀረው ማጣበቂያው ብቻ ነው። ሁለተኛ ዓመት ከገባ በኋላ የሚቀይር ሰው ብዙውን ጊዜ ዓመት ይከፍላል። ሌላው መንገድ ማስተርስ ነው፤ ዲግሪው በአንዱ፣ ሁለተኛው ዲግሪ በሌላው መስክ የሆነ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል።

«የትም ግባ፣ ዋናው ዲግሪው ነው»

ይህኛው እስከ 2014 ድረስ ግማሽ እውነት ነበረው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች፣ በመንግሥትም በግልም ተቋማት ተጀመረ። ቀደም ሲል ይህን የሚያውቁት እንደ ሕግ ያሉ ጥቂት መስኮች ብቻ ነበሩ። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈተኑት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ጂፒኤ ስንት ይሁን ስንት፣ ያን ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

ፈተናው ከዓመታት የመስኩ ኮርሶች ውስጥ ዋና ዋናዎቹን አንድ ላይ አምጥቶ ይጠይቃል። በየሴሚስተሩ ለፈተና ብቻ ሸምድዶ በነጋታው የሚረሳ ሰው የሚያዝበት እዚህ ነው። ስለዚህ «እችለዋለሁ ወይ? አራት ዓመት ሙሉ ሳይሰለቸኝ አነበዋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ የምቾት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል። የማይወዱትን ትምህርት በጓደኛ ኖትና በወርክሺት መጨረስ ድሮ ይቻል ነበር።

«ሲኒየር ጠይቅ»

ጠይቂ፤ ግን የሚያውቀውን ጠይቂው አልኳት። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የትኛው መምህር ግሬድ እንደሚይዝ፣ የትኛው ኮርስ እንደሚከብድ፣ ላቦራቶሪው ዕቃ እንዳለውና እንደሌለው ያውቃል። ሥራው ምን እንደሚመስል ግን አያውቅም፤ ገና አልሠራውማ! ያን የሚያውቀው ከተመረቀ አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። ለእሱም «ሥራህ ጥሩ ነው?» ማለት ዋጋ የለውም። «ማክሰኞ ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ነው ጥያቄው።

በንጉሡ ጊዜ ለዚህ መላ ነበረው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጣ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም በማስተማር። ያማረሩ ነበሩ። ቢሆንም ያ ተማሪ አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ፣ አለቃና ጭቃ ምን እንደሆኑ አይቶ ነበር የሚመለሰው። የዛሬው ፍሬሽማን የዕድሜ ልክ የሚመስለውን ውሳኔ የሚወስነው በአንድ ሌሊት፣ በስልክ መብራት፣ ዶርም ውስጥ ነው።

የአክስቴን ልጅ ግን በዚያ ሌሊት ምን ላድርጋት? «ከሲኒየሮችሽ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ሞጁል ተዋሺ፤ አሁኑኑ። አሥር አሥር ገጽ አንብቢ። የሚያንገሸግሽሽን ወደ ታች አውርጂው» አልኳት። ሄደች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደወለች። ሶፍትዌርን አንደኛ አድርጋዋለች፤ ኤሌክትሪካል ወደ አራተኛ ወርዷል።

«ሦስተኛሽስ?»

«የውሃ ሀብት።»

«ከየት መጣ ደግሞ እሱ?»

«እንጃ። ሰፈራችን ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ሁሌ ማወቅ እፈልግ ነበር።»

ከምሽቱ አምስት ተኩል ሆኗል። ወደ አንደኛ አውጪው አላልኳትም፤ መሙያው ነገ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ብቻ ጠየቅኳት።