ከባንክ መስኮት ጀርባ ያለው ንድፍ

የአንድ ዘመናዊ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ባለ ሦስት እርከን ነው። ከታች የደንበኞች ሒሳብ የሚመዘገብበት ኮር ባንኪንግ አለ። ከላይ የገንዘብ ከፋዩ መስኮት፣ ኤቲኤምና የሞባይል መተግበሪያ ይገኛሉ። በመካከል ያለው ማገናኛ ሁለቱን ያነጋግራል። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ አርክቴክቸር የሚባለውም እነዚህ ክፍሎች የት ላይ እንደሚለያዩና በየትኛው በር እንደሚገናኙ የሚወስነው ንድፍ ነው።

በሞጆና በመቂ መካከል በምትገኘው የቦራ ወረዳ ከተማ፣ በዓለም ጤና፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ከአዳማ የተላከለትን ገንዘብ ወዲያው ማውጣት መቻሉ የዚህ ንድፍ ውጤት ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን መዝገብ ይይዝ ስለነበር ደንበኛው የባንኩ ሳይሆን የቅርንጫፉ ደንበኛ ነበር። ኮር ባንኪንግ መዝገቡን ሁሉ ወደ ማዕከል ሰበሰበው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለዚህ የሚጠቀመው የስዊዘርላንዱ ቴሜኖስ የሠራውን ቲ24 የተሰኘ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ድግግሞሽን አስቀርቷል፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። መስመሩ ሲቋረጥ ቅርንጫፉ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ደንበኛውም «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል።

ሲስተሞችን እርስ በርስ የማገናኘት ችግር ደግሞ አገልግሎት ሲበዛ ይብሳል። አምስት ሲስተሞች እያንዳንዳቸው ከእያንዳንዳቸው ጋር በቀጥታ ቢገናኙ 10 መስመር ያስፈልጋቸዋል፤ አሥር ከሆኑ 45። ሁሉም በአንድ ማገናኛ ቢያልፉ ግን አሥሩ የሚፈልጉት 10 መስመር ብቻ ነው፤ አንዱ ሲቀየርም የሚነካው የራሱ መስመር ነው። ባንኮች በየፊናቸው ኤቲኤም በሚተክሉበት ጊዜ ይኸው ችግር በአገር ደረጃ ታይቷል። አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንኮች ፕሪሚየር ስዊች የተባለውን የጋራ ኩባንያ ያቋቋሙት ወጪውን ለመካፈል ነበር። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ኢትስዊች ደግሞ ባንኮችን ሁሉ በአንድ ማገናኛ ስላስተሳሰረ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ይሠራ ጀመር።

መማከሉ ያለ ጥንቃቄ ከሆነ ምን እንደሚያስከትል መጋቢት 2016 ዓ.ም. አሳይቷል። በንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች፣ ከእነሱም መካከል ተማሪዎች፣ ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ቆዩ፤ ባንኩም አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገደደ። በኋላ እንደገለጸው መንስኤው የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነበር። ሕዝቡ የተወያየው ገንዘቡን ስለወሰዱት ተማሪዎች ነው፤ ለባለሙያው ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ለውጥ በቀጥታ በሥራ ላይ ባለው ሲስተም ላይ አይሞከርም፤ የሙከራ ቅጂው ላይ ይፈተሻል፣ ሲበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከዚያም በላይ ቀሪ ሒሳብን የሚያጣራው ቁጥጥር ከአንድ በላይ እርከን ላይ ቢቀመጥ፣ አንዱ ቢስት ሌላው ይይዛል። ይህ በዓይን ሲታይ ድግግሞሽ ይመስላል፤ ሊወገድ የማይገባው ድግግሞሽ ግን ይኸኛው ነው።

ሊወገድ የሚገባውን ለመለየት ድርጅቱ ያሉትን ሲስተሞች በሙሉ መመዝገብ አለበት፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ ከየትኛው ጋር ይገናኛል፣ ፈቃዱ መቼ ያበቃል? ሥራው አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ እንደተጠቃለለው ሁለት ተቋማት ሲዋሃዱ፣ አንድ ደንበኛ በሁለቱ ሲስተሞች ላይ በሁለት ስም ወይም በሁለት ቁጥር ሊገኝ ስለሚችል እንዲህ ያለ መዝገብ የሌለው ባንክ ይቸገራል። ለአዲስ ሲስተም ግዥ የሚፈቅድና የሚከለክል አካልም ያስፈልጋል፤ አለዚያ እያንዳንዱ መምሪያ የየራሱን ይገዛል።

ኮር ባንኪንግን መለወጥ ዓመታት የሚፈጅ፣ ፈቃዱም የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ባንኮች የታችኛውን እርከን ሳይነኩ ላይኛውን ማደስን ይመርጣሉ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ገበያውን ሲቀላቀል ማገናኛው የተደራጀለት ባንክ ሥራው አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነበር፤ ያልተደራጀለት ግን ወደ ኮሩ ወርዶ መቆፈር ነበረበት።