የ17 ዓመቱ ኮከብ የትኛውን ኮፍያ ያጥልቅ?

ዲሴምበር 15 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት፣ ሱዋኒ ከተማ፣ ኮሊንስ ሂል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ትራቪስ ሀንተር የተባለ ተማሪ ጠረጴዛ ፊት ቀርቧል። ጠረጴዛው ላይ የፍሎሪዳ ስቴት፣ የጆርጂያና የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ኮፍያዎች ተደርድረዋል። ልጁ የሚያጠልቀው ኮፍያ የሚጫወትበትን ዩኒቨርሲቲ ይናገራል። ከ2020 ጀምሮ ለፍሎሪዳ ስቴት ቃል ስለገባ ውጤቱ ያለቀለት ይመስላል። ሀንተር ግን ሦስቱንም ኮፍያዎች አንድ በአንድ ወረወራቸውና ማንም ያልጠበቀውን የጃክሰን ስቴትን ኮፍያ አጠለቀ።

አሜሪካ ጉድ አለች! ጃክሰን ስቴት በሚሲሲፒ የሚገኝ፣ በታሪክ የጥቁሮች የሆነና ከከፍተኛው እርከን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ዩኒቨርሲቲ ነው። በአገሪቱ ከአንደኞቹ ተርታ የተሰለፈ ታዳጊ እዚያ ይሄዳል ብሎ የገመተ አልነበረም። ሚስጥሩ አሰልጣኙ ነው። የቀድሞው የኤን ኤፍ ኤል ኮከብ ዲዮን ሳንደርስ ቡድኑን ይዞት ነበር።

ሀንተር ትክክል ነበር ወይስ ተሳስቷል? ወደ መልሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ጨዋታውን እንወቅ።

አካዳሚ የሌለበት ኳስ

የምናወራው ስለ እኛው እግር ኳስ ሳይሆን አሜሪካኖች «ፉትቦል» ስለሚሉት፣ የራስ ቁር ተደርጎ በእጅ ስለሚጫወቱት ኳስ ነው። በአውሮፓ አንድ ጎበዝ ልጅ ገና በጨቅላነቱ የክለብ አካዳሚ ይገባና በ17 ዓመቱ ውል ይፈርማል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የኤን ኤፍ ኤል ክለቦች አካዳሚ የላቸውም። ታዳጊ የሚያሳድገው ትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲው ነው።

ዩኒቨርሲቲውን ዘሎ ማለፍም አይቻልም። በሊጉ ደንብ መሠረት ተጫዋች ከሁለተኛ ደረጃ ከወጣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ወደ ኤን ኤፍ ኤል አይገባም። የኦሃዮ ስቴቱ ሞሪስ ክላሬት በ2002 የውድድር ዘመን የአገሪቱን ዋንጫ ካነሳ በኋላ ይህን ደንብ በፍርድ ቤት ሞግቶ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ፤ በ2004 ግን በይግባኝ ተረታ። እናም የ17 ዓመቱ ልጅ የግድ አንድ በር መምረጥ አለበት።

በዚያ በር ለመግባት የሚጋፋው ብዙ ነው። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ሚሊዮን ገደማ ልጆች ይህን ኳስ ይጫወታሉ። የኤን ኤፍ ኤል ክለቦች በየዓመቱ በድራፍት የሚመርጡት ግን 260 ገደማ ብቻ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከሚጫወቱት መካከል እንኳ ወደ ሊጉ የሚደርሱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። ለማንኛውም ታዳጊ መጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው ይሄ ነው። ባለ አምስት ኮከቡም ልጅ ቢሆን ከዚህ ስሌት ውጪ አይደለም።

አሰልጣኙ ነገ የት ነው?

መልማዮች ቤት ድረስ ይመጣሉ። ሳሎን ቁጭ ብለው ከእናት ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ «ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማየው» ይላሉ። ብዙዎቹ ከልባቸው ነው። ችግሩ አሰልጣኝም እንደ ተጫዋች የሚዛወር መሆኑ ላይ ነው።

ጁሊያን ሳይንን እንውሰድ። የካሊፎርኒያው ኳርተርባክ (የቡድኑን ጥቃት የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ማለት ነው) በዲሴምበር 2023 ለአላባማ ፈረመ። አላባማን ያለማመደውና ሰባት የአገር ዋንጫ የሰበሰበው ታላቁ ኒክ ሴበን ነው። ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ሴበን ከአሰልጣኝነት ጡረታ ወጣ። ሳይን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ኦሃዮ ስቴት ተዛወረ። በ2025 እዚያ የቋሚ ቦታውን ይዟል፤ ስለዚህ ለእሱ በጎ ሆነለት።

ለሁሉም ግን እንዲህ አይሆንም። ወደ ዲዮን ሳንደርስ እንመለስ። ሀንተር ጃክሰን ስቴት በገባ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ማብቂያ፣ በዲሴምበር 2022፣ ሳንደርስ ጃክሰን ስቴትን ለቅቆ ኮሎራዶን ያዘ። ሀንተርም ተከተለው። የኮሎራዶ ነባር ተጫዋቾችን ግን አዲሱ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «የራሴን ሻንጣዎች ይዤ ነው የመጣሁት» በሚል መንፈስ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ በግልጽ ነገራቸው። በወራት ውስጥ ከ50 በላይ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲውን ለቀቁ። እነሱም እኮ በጊዜያቸው ሌላ አሰልጣኝ ሳሎናቸው ተቀምጦ «እንደ ልጄ ነው የማይህ» ያላቸው ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ አንድ ታዳጊ አሰልጣኙን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ትወደኛለህ?» ሳይሆን «ውልህ የሚያልቀው መቼ ነው? አንተ ብትሄድ እዚህ ማን ይቀራል?» የሚል ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚያኮርፍ አሰልጣኝ ካለ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ገንዘቡስ?

ከጁላይ 2021 ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል። ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ከነጻ ትምህርቱ በቀር ሳንቲም መቀበል ክልክል ነበር። በዚያ ወር ኤን ሲ ኤ ኤ የተባለው የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል ተጫዋቾች ስማቸውንና ምስላቸውን ለማስታወቂያ እንዲሸጡ ፈቀደ። በ2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለሁሉም የስፖርት ዓይነቶች በድምሩ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የአንበሳውን ድርሻ የሚወስደው ፉትቦል እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ታዲያ ብዙ የሚከፍለውን መምረጥ አይሻልም? የጄደን ራሻዳ ታሪክ እዚህ ጋ ይጠቅማል። የካሊፎርኒያው ኳርተርባክ በጁን 2022 ለማያሚ ቃል ገባ። ከዚያ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዞረ። በሚዲያ የተዘገበው ውል 13.85 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ! ልጁ በዲሴምበር ፈረመ፤ ገንዘቡ ግን አልመጣም፤ ውሉ ፈረሰ። በጃንዋሪ 2023 ከፍሎሪዳ መልቀቂያ ወስዶ አሪዞና ስቴት ገባ። በ2024 ጆርጂያ፣ በ2025 ሳክራሜንቶ ስቴት። በሦስት ዓመት ሦስት ማሊያ። በሜይ 2024 የፍሎሪዳውን ዋና አሰልጣኝ ጨምሮ ቃል ገቡልኝ ያላቸውን ሰዎች ፍርድ ቤት ከሷቸዋል።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽሑፉም ቢሆን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በግልጽ ማስቀመጥ አለበት። ዩኒቨርሲቲው ነው? ደጋፊዎች ያቋቋሙት ድርጅት ነው? አንድ ባለሀብት ነው? ልጁ ቢጎዳ ይቀጥላል? አሰልጣኙ ቢባረርስ? ወላጆች እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው፣ ከዩኒቨርሲቲውም ከአማላጁም ነጻ የሆነ ጠበቃ ዘንድ ሳይሄዱ ፊርማ ማኖር የለባቸውም። በዋሽንግተን፣ በአትላንታና በዳላስ አካባቢ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ የእኛ ወገኖችም ምክሩ ያው ነው። እዚያ አገር ለፊርማ የቸኮለ ሰው የሚጎዳው ልጁን ነው።

ቤንቹን መፍራት

ኮከብ ልጅ ቤንች አይወድም። «በመጀመሪያው ዓመት ትሰለፋለህ» የሚለው ተስፋ ደግሞ ከገንዘቡ እኩል ያማልላል።

አርች ማኒንግን ግን ተመልከቱ። አያቱ አርቺ፣ አጎቶቹ ፔይተንና ኢላይ ሦስቱም በኤን ኤፍ ኤል ስማቸው የገነነ ኳርተርባኮች ናቸው። እሱም በ2022 መላው አሜሪካ የተሻማበት ተማሪ ነበር። በጁን 2022 ያለ ኮፍያ፣ ያለ ካሜራ፣ በትዊተር ላይ በአንዲት አጭር መስመር ቴክሳስን መምረጡን አሳወቀ። ከዚያስ? በ2023 እና በ2024 በአብዛኛው የኩዊን ኢወርስ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። ያን ስም ይዞ የትም ሄዶ መሰለፍ ይችል ነበር። አልሄደም። ተራው የደረሰው በ2025 ነው።

የጄለን ኸርትስ ደግሞ ይበልጣል። በአላባማ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ቋሚ ሆነ። በጃንዋሪ 2018 ግን ለአገር ዋንጫ ፍጻሜ ከጆርጂያ ጋር ሲጫወቱ፣ ቡድኑ 13 ለ 0 እየተመራ ለእረፍት ወጣ፤ ሴበን ኸርትስን አስቀምጦ ሌላ ልጅ አስገባ። አላባማ 26 ለ 23 አሸነፈ። ኸርትስ በሚሊዮኖች ፊት ቦታውን አጣ። ሌላው ቢሆን በማግስቱ ይሄድ ነበር። ኸርትስ ግን አንድ ዓመት ቆየና በዲሴምበር 2018 ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ነው ወደ ኦክላሆማ የተዛወረው። በፌብሩዋሪ 2025 ፊላዴልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ሲያነሳ የጨዋታው ኮከብ ማን ነበር? ኸርትስ!

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ሁልጊዜ ቆይ» የሚል አይደለም። ከ2021 ወዲህ ዝውውር ቀሏል፤ ልጁም አይመለከተኝም ሊል አይችልም። ነገር ግን የሚሄድ ሰው እንደ ኸርትስ አንድ ነገር በእጁ ይዞ ይሂድ። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀያይር ተጫዋች የወሰዳቸው ኮርሶች ሁሉ ተቀባይነት ላያገኙለት ይችላሉ። በመጨረሻ ማሊያው ብዙ፣ ዲግሪው ባዶ ይሆናል።

ጉልበቱ ቢሰበርስ?

የመጨረሻውና ማንም መጠየቅ የማይፈልገው ጥያቄ ይሄ ነው። ማርከስ ላቲሞር ሳውዝ ካሮላይና ያበቀለችው ድንቅ ሯጭ ነበር። በ2010 የራሱን ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሳውዝ ካሮላይናን መረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ ተጋጣሚዎቹን አተራመሰ። በኦክቶበር 2011 አንድ ጉልበቱ ተጎዳ። አገግሞ ተመለሰ። በኦክቶበር 2012 ደግሞ ከቴነሲ ጋር ሲጫወቱ ሌላኛው ጉልበቱ ክፉኛ ተሰበረ፤ ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2013 በአራተኛው ዙር መረጠው። ግን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ በ2014 ጫማውን ሰቀለ። ገና 23 ዓመቱ ነበር።

ላቲሞር ያን ጊዜ የቀረው ምን ነበር? የመረጠው ቦታ ነበር። በ2018 ሳውዝ ካሮላይና ጠርቶ ሥራ ሰጠው፤ ታዳጊ ተጫዋቾች ከኳስ ውጪ ስላለው ሕይወታቸው የሚማሩበትን ክፍል እንዲመራ። ባይሮጥም ስሙን የሚያውቁና የሚያከብሩት ሰዎች መሃል ተመለሰ።

እንግዲህ ለ17 ዓመቱ ኮከብ የሚሰጠው ምክር ተጠቅልሎ እዚህ ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲውን ለመጎብኘት ስትሄድ 80 ሺህ ሰው በሚጮኽበት ቅዳሜ ብቻ አትሂድ፤ ማክሰኞ ቀንም ሂድና ክፍል ውስጥ ተቀመጥ። ቋሚዎቹን ሳይሆን ቤንች ላይ ያሉትንና የተጎዱትን አነጋግራቸው፤ ሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደሚያያቸው፣ አሰልጣኙ አሁንም በስማቸው እንደሚጠራቸው ጠይቃቸው። በአንተ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች እንዳሉ ቁጠር። ከዚያ ራስህን ጠይቅ፤ ነገ ጠዋት ኳስ ቢቀርብኝ እዚህ ለመቆየት እፈልጋለሁ? «አዎ» ካልክ ኮፍያውን አጥልቅ። ካልሆነ ግን ዶላሩ ቢበዛም፣ አሰልጣኙ ዝነኛ ቢሆንም፣ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ተወው።

ሀንተርስ? ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሳንደርስን ተከትሎ ኮሎራዶ ገባ፤ በዲሴምበር 2024 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2025 ድራፍት ጃክሰንቪል በሁለተኛ ቁጥር መረጠው። እሱ አንድ ሰው አምኖ ተከተለ፤ ያ ሰውም ሲሄድ ይዞት ሄደ። ከዚያ ጠረጴዛ ፊት የሚቀመጡ ልጆች ሁሉ ግን ሀንተር አይደሉም። ለሌሎቹ የሚቀርላቸው አሰልጣኙ ሲሄድም እዚያው የሚቆየው ዩኒቨርሲቲ ነው።