ከሚንቀሳቀስ መርከብ ላይ የአቡ ዳቢን ሰፊ ገጽታ በካሜራ ማስቀረት እንዴት ይቻላል?

አቡ ዳቢ ሙሉ ገጽታዋን የምታሳየው ከባሕር ላይ ሆኖ ለሚመለከታት ሰው ነው። በኮርኒሽ ጎዳና ቆሞ ቀና ያለ ሰው የሚያየው አንድ ወይም ሁለት ሕንጻ ነው። ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ባሕሩ ጥቂት የዘለቀ ግን በግራው ከሚና ዛይድ ወደብ አንስቶ በቀኙ እስከ ኤምሬትስ ፓላስ፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዳርቻ በአንድ ጊዜ ያያል። ይህን ስፋት ተራ ፎቶ አይችለውምና ብዙዎች የስልካቸውን የፓኖራማ አማራጭ ይከፍታሉ።

ውጤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳዝናል። የሕንጻዎች ወገብ ይሰበራል፤ አድማሱ እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ አንዱ ማማ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሌላው ጨርሶ ይጠፋል። ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ደሴ ወይም ጅማ ያለ ቤተሰብ ልጁ የሚኖርባትን ከተማ የሚያውቃት በሚላክለት ፎቶ ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ስሕተት ለእርሱ የከተማዋ መልክ ሆኖ ይቀራል።

ችግሩ ከየት ይመጣል?

ፓኖራማ አንድ ፎቶ ሳይሆን ጎን ለጎን የተነሱ የብዙ ምስሎች ስፌት ነው። የስልኩ ፕሮግራም ምስሎቹን የሚያገጣጥመው ፎቶ አንሺው በአንድ ቦታ ቆሞ ካሜራውን ብቻ እንደሚያዞር ታሳቢ አድርጎ ነው። መርከብ ላይ ግን የቆመበት ቦታ ራሱ ይሄዳል።

በአውቶቡስ መስኮት የተመለከተ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከመንገዱ ዳር ያሉ የስልክ እንጨቶች ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ የሩቁ ተራራ ግን አብሮ የሚጓዝ ይመስላል። ቅርብና ሩቅ ያሉ ነገሮች እኩል ስለማይሸሹ ስፌቱ ይዛባል።

በቁጥር እንመልከተው። በ10 ኖት የሚጓዝ መርከብ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፓኖራማው 10 ሰከንድ ከወሰደ ፎቶ አንሺው 50 ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በ500 ሜትር ርቀት ያለ ሕንጻ ከነበረበት አቅጣጫ ወደ 6 ዲግሪ ሲሸሽ፣ ከኋላው በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ያለው ወደ 3 ዲግሪ ብቻ ይሸሻል። ሥራው በ2 ሰከንድ ቢጠናቀቅ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ነው፦ ከዳርቻው መራቅና ፈጥኖ መጨረስ።

በእጅ በተያዘ ካሜራ

የመርከብ ወለል ራሱ ስለሚወዛወዝና ሞተሩ ስለሚያንቀጠቅጠው ባለ ሦስት እግር መቆሚያ እዚህ ብዙ አይጠቅምም። የሰው ጉልበትና ክንድ የተሻለ ሥራ ይሠራሉ። ከመርከቡ ፊትና ኋላ ይልቅ መካከሉ ስለሚረጋ እዚያ መቆም፣ ጉልበትን በትንሹ ማጠፍና ክርንን ከጎን ጋር ማጣበቅ ይመከራል። የብረት መደገፊያውን መደገፍ ግን የሞተሩን ንዝረት በቀጥታ ወደ ካሜራው ማስገባት ነው። መደገፊያው፣ ገመዱና ባንዲራው ከፎቶው ውስጥ ቢወጡ ይመረጣል፤ ስፌቱን ከሁሉ በላይ የሚያበላሹት እጅግ ቅርብ ያሉት ነገሮች ናቸውና።

በስልኩ የፓኖራማ አማራጭ ፈንታ ከአምስት እስከ ሰባት የተለያዩ ፎቶዎችን በፍጥነት አንስቶ በኋላ በፕሮግራም ማገጣጠም የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ካሜራው ወደ ላይ ቆሞ ይያዛል፤ እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ይደግማል። ብርሃኑና ፎከሱ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይቆለፋሉ፤ አለበለዚያ የሰማዩ ቀለም ከምስል ምስል ይለያያል። የሹተር ፍጥነት መምረጥ የሚያስችል ካሜራ ያለው ከአንድ ሰከንድ 1/500ኛ በታች ባይወርድ፣ ቢቻል 1/1000ኛ ቢያደርሰው መልካም ነው። ማዕበል መርከቡን አንስቶ ከመመለሱ በፊት አጭር የመርጋት ቅጽበት አለች፤ መጀመር ያለበት በዚያች ቅጽበት ነው።

ከሁሉ አስተማማኙ መንገድ ግን ስፌት የሌለው ነው። የዛሬ ስልኮች ብዙ ዝርዝር ስለሚይዙ፣ አንድ ሰፊ ፎቶ ከርቀት አንስቶ ሰማዩንና ውሃውን ከላይና ከታች መቁረጥ ይቻላል። የሚቀረው ረጅም ምስል ምንም የተዛባ ነገር አይኖረውም።

ሰዓትና አየር

ኮርኒሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚመለከት ዳርቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ስለምትሆን ጥላቸው ብቻ ይታያል። ከአስር ሰላት በኋላ እስከ መግሪብ መቃረቢያ ግን ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ከበጋው ጭጋግና አቧራ የጠራ ነው። በሞቃት ወራት ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ወደ ባሕር አየር የወጣ ሌንስ ወዲያው በጤዛ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ካሜራው በቦርሳው እንዳለ ሙቀቱን እስኪለምድ ቀደም ብሎ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከአል ዐይን የሚገኝ ትምህርት

በጀልባ ከመሞከሩ በፊት መሬት በማይንቀሳቀስበት ቦታ መለማመድ ይበጃል። ለዚህ 1,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የአል ዐይኑ ጀበል ሐፊት ተስማሚ ነው። ከከፍታው ላይ ሁሉም ነገር ሩቅ ስለሆነ ፓኖራማው ያለ ችግር ይሰፋል።

በዚያው ከተማ የሚገኘው የአል ጃሂሊ ምሽግ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ታሪክ ይዟል። በአካባቢው ሙባረክ ቢን ለንደን በሚል ስም የሚታወቀው ብሪታንያዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶዎች በዚህ ምሽግ ለእይታ ቀርበዋል። ቴሲጀር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር ምድር እስከ አውሳ ዘልቋል። በ1948 ሩብ አል ኻሊን አቋርጦ አቡ ዳቢ ሲደርስ ከተማዋ 2 ሺህ ገደማ ነዋሪዎች የነበሯት የባሕር ዳር መንደር ነበረች። በአል ዐይን አካባቢ ያስተናገዱት በኋላ የአገሪቱ መሥራች የሆኑት ሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን ነበሩ።

ቴሲጀር በትንሽ ላይካ ካሜራ በረሃውንም፣ የባሕረ ሰላጤውን የእንጨት ጀልባዎችና መርከበኞችም አንስቷል። የሚያገጣጥምለት ፕሮግራም አልነበረውም፤ የሚፈልገውን በአንድ ፎቶ መጨረስ ነበረበት። ከ38 ሺህ የሚበልጡ ኔጋቲቮቹ ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። የዚያች የጠፋች መንደር መልክ የሚታወቀው እንዲህ ባሉ ያልተነካኩ ምስሎች ነው።

ሰውና ሕግ

ፓኖራማ ሰፊ በመሆኑ ያልታሰበ ሰውም ይገባበታል። በጀልባ ላይ ከጎን የተቀመጡ ቤተሰቦች ሳይፈቅዱ ፎቶ ውስጥ ከገቡ ጉዳዩ ከነውርነት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኤምሬትስ የፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 34፣ በአንቀጽ 44 የሰውን ግላዊነት በመጣስ ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳትንና ማሰራጨትን ይከለክላል። ቅጣቱ ከስድስት ወር የማያንስ እስራት፣ ከ150 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም የሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለወር ደመወዝተኛ ይህ የዓመታት ድካም ነው። ካሜራውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ ወደ ባሕሩ ብቻ ማዞር፣ የወታደርና የጸጥታ ሥፍራዎችንም መተው ያስፈልጋል።

ከመላኩ በፊት

የተሰፋን ፎቶ ለመመርመር ቀላሉ ዘዴ መቁጠር ነው። በኮርኒሽ ምዕራባዊ ጫፍ ያሉት የኢቲሃድ ማማዎች አምስት ናቸው። ከመቅጣ የባሕር ሰርጥ ላይ የሚታየው የታላቁ ሼክ ዛይድ መስጂድ ሚናራዎች አራት ናቸው። ማማዎቹ ስድስት፣ ሚናራዎቹ ሦስት ሆነው ከተገኙ ምስሉ አይላክም፤ ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች እንደገና ይሰፋል። ለዚህም የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች አለማጥፋት፣ ቀኑንና የተነሱበትን ቦታ አብሮ መጻፍ ያሻል። ዛሬ የሚታየው ዳርቻም እንደ 1948ቱ መንደር ይለወጣል፤ ያን ጊዜ መልኩን የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም።