እንቅርት የሚያድግበት አንገት

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት የሁለት እጢዎችን ሕመም ያነሳል። ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ እጢ በቫይረስ ተይዞ ሲያብጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። እንቅርት ግን የታይሮይድ እጢ እብጠት ሲሆን ዓመታት እየፈጀ ቀስ በቀስ ያድጋል።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን ግራና ቀኝ ያቀፈ እጢ ነው። ስንውጥ ከማንቁርት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሐኪም አንገት ሲመረምር «እስቲ ምራቅ ዋጥ አድርግ» የሚለው ለዚህ ነው። እጢው የልብ ምትን፣ የሰውነትን የኃይል አጠቃቀምና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት የሚመራ ሆርሞን ያመርታል። ለዚህም አዮዲን ያስፈልገዋል፤ አዮዲን ሲያጥረው ያብጣል።

እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍተኛ ደጋ ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥብ አዮዲኑንም ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ባለ አፈር የበቀለ እህልም ሆነ ሣሩን የበላች ላም ወተት አዮዲን ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት እንደነበረባቸው አሳይቷል። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ደግሞ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ።

እብጠቱ ሲገፋ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይጫናል። የአየር ቧንቧው ሲጠብ በተለይ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከበስተኋላው ያለው የምግብ ቧንቧ ሲጠብ እንጀራ አልወርድ ይላል። በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ይህ ነርቭ ከራስ ቅል ተነሥቶ በቀጥታ ማንቁርት አይገባም፤ የግራ በኩሉ ነርቭ ደረት ድረስ ወርዶ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ሥር ከሥሩ ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ የደረት በሽታም ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል። በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ነርቩ ከተነካ ድምፅ ይሻክራል። ከእጢው ጀርባ ያሉት፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑት ጥቃቅን እጢዎች ከተጎዱ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ወርዶ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል።

አዮዲን ያለበትን ጨው ከብርሃንና ከእርጥበት ጠብቀው በክዳን ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ጨው እንቅርትን ይከላከላል እንጂ የቆየና የጓጎለን እንቅርት አያጠፋም። ከሦስት ሳምንት በላይ የጎረነነ ድምፅ፣ ቶሎ ያደገ ወይም የጠጠረ እብጠት፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ካለብዎ ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ።